ወንድ የጠፋ ለታ

የገዛሁት ለወጥ ነበር፤ መዋሸት ለኔም አይበጀኝ፤
ቀዳም ሹር ሰኞ ገበያ፣ የኩታበሯ ሴትዮ እግሩን ጠፍራ አስያዘችኝ።
ገብስማ ነው፤ ክንፉ ሰፊ፤ ጉትዬው ደም የመሰለ፤
ደረቱን ጨበጥ አርጌ፣ "ዐሥራ ሁለት ብልት አለ"
ብዬ ቆጠርኩ በሆዴ። ፈረሰኛውን ለማን?
ቤቴ ያለሁት እኔ ብቻ፤ ዐሥራ ሁለቱን ልሆን?

ቢላው ተስሏል፤ ሽንኩርቱ ተቁላልቷል፤ ምን ቀረው?
አንድ የሚባርክ ወንድ እጅ፤ እሱ ነው የቸገረው።
ሴት ዶሮ አታርድም፤ ሕጉን ከናቴ ወርሼዋለሁ፤
ሕጉ ግን ብቻዋን የምትኖር ሴት አያውቅም፤ ታዝቤዋለሁ።

አንደኛ ፎቅ አንኳኳሁ፤ ዘበኛው ሙሄ፦ "አብሽሪ፣
እኔስ ባረድኩልሽ ነበር፤ ግን አትበይው፤ ሌላ ጥሪ።"
ሁለተኛ ፎቅ፦ የመምህሩ ልጅ፣ ጺሙ ገና የሚያቆጠቁጥ፣
"ደም አልችልም" አለና ዞረበት፤ ውሃ ላመጣ እኔው ልሯሯጥ።
አራተኛ፦ ፈንታው ሹፌሩ፣ አይሱዙውን ይዞ ሚሌ ነው፤
ሚስቱ በበር ቀዳዳ፦ "እኛም ወንድ የለን፤ ሥጋ ከልኳንዳ ገዛነው።"

እንዲህ ሆኖ ፋሲካ ነጋ። ቁሌቱን በእንቁላል በላሁ፤
አንድ ቁራሽ ጣልኩለት፤ ለቀመ፤ "ሻምበል!" ብዬ ተጣራሁ።

ሲሚንቶ ሲጭር ይውላል፤ ትል ሊያወጣ ከኮንክሪት።
አልስቅበትም። እኔም ኮምቦልቻ፣ ከፈትል ማሽን ሥር፣ ሌሊት ሌሊት
ሃያ ስምንት ዓመት ጫርኩ፤ ያወጣሁት ይኸው ጡረታ፣
አንድ ክፍል፣ አንድ በረንዳ፣ የጦሳ ጉም የሚገባው ማታ ማታ።

ችግሩ ድምፁ ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር "ነጋ!" ይላል፤
በምሽቱ አምስት ሰዓት "ነጋ!"፤ ሌሊት ስምንት ላይ ይደግማል።
አዛኑን አይጠብቅ፤ የቅዳሴውን ደወል አይሰማ፤
ሻምበል ነው፤ ማን አለቃ አለው በከተማ?

ነርሷ ዘምዘም ከአዳር ሥራ መጥታ፣ ዓይኗ ቀልቶ አለቀሰች፤
አልሰደበችኝም፤ "እትዬ አስካለ፣ በሞቴ" ብቻ አለች።
ያ ባሰብኝ።

እሑድ ኮሚቴው ከደረጃው ሥር ተቀመጠ፤ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፦
"ዶሮው እስከ ቅዳሜ ይውጣ።" በሙሉ ድምፅ ታዘዘ።
ከላይ አንድ ድምፅ ተቃወመ፤ እሱን ማንም አልያዘ።

ፈንታው ሹፌሩ ተነሣ፤ ኪሱን እየደባበሰ፦
"ምን ያለፋዎታል እትዬ፤ እኔ ባርኬ ልስጥዎት" አለ፤ እጅጌውን ሽቅብ መለሰ።
የመምህሩ ልጅ "እኔ እይዛለሁ" አለ፤ ጺሙ ሞልቷል፤ አሁን ደም ይችላል፤
ሌላም ተነሣ፤ ሌላም። ለካ ሰፈሬን ወንድ ሞልቶታል!

ዝም ብዬ አየኋቸው። ያን ቀን ዶሮ ታቅፌ ደረጃውን
ስወጣ ስወርድ፣ አንድ እጅ አጥቼ ስደበድብ በሩን፣
ቢላው ነበረኝ፤ እጅ ነበር የለመንኩት። ዛሬ እጁ መጣ፤
ዶሮው ግን ስም አወጣ፤ ስም ያለው ደግሞ ከድስት ወጣ።

ማታ በሬ ተንኳኳ። ሙሄ ነው፤ ያረጀ የቴሌቪዥን ካርቶን ተሸክሞ፤
"ዶሮ ብርሃን ካላየ አይጮህም፤ እኛ ሐርቡ እንዲህ ነው" አለ፤ ትንፋሹ አጥሮ ቆሞ።
"እጄ ለማረድ ባይሆንሽ ለካርቶን ይሆንሻል" ብሎ ሳቀ፤
ሻምበል ገባ፤ ተከደነ፤ ሌሊቱ ጸጥ ብሎ ዘለቀ።

አሁን ንጋት በኔ እጅ ነው። የዘምዘምን የተረኛ ወረቀት
ከግድግዳዬ ለጥፌያለሁ፤ እሷ ባደረች ቀን ንጋት
ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ይቅር ይበለኝ፤ ረጅም ጨለማ ነው፤
ፀሐይ የጦሳን ጫፍ ነክታ፣ ወርዳ፣ ገበያው ሞቆ፣ ለሱ ግን ገና ሌት ነው።

ካርቶኑን ሳነሣለት ክንፉን መትቶ ይንጠራራል፤
ቀኑ ከተጋመሰ ወዲያ "ነጋ!" ብሎ ያውጃል።
ፀሐይዋን እሱ ያወጣት ይመስለዋል። አላርመውም፤
ሃያ ስምንት ዓመት ፋብሪካው በኔ የሚዞር መስሎኝ ስኖር፣
ማንም አላረመኝም።